የልጅ ልብስ ሲያድፍ

ልጄ፣ የልጅን ልብስ ከልጁ በላይ የምታበላሸው የምትቸኩል እጅ ናት። ልጁማ ተጫውቷል፣ በልቷል፤ ወጥ ቢደፋበት፣ ጭቃ ቢረጨው ወጉ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ምን እንደነካው ሳንጠይቅ ያደፈውን ሁሉ በአንድ ሳፋ፣ በአንድ ሙቅ ውሃ፣ በአንድ እፍኝ ኦሞ ስንዘፈዝፈው ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ይባላል። በልብስ ላይ የፈሰሰ ግን ሁሉም አይለቀምም፤ ሙቀት አንዴ ያስያዘው እድፍ ከክሩ ጋር ይከርማል።

ስለዚህ ውሃ ከመቅዳትሽ በፊት ጠይቂ። «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» የሚባለው ለሽምግልና ብቻ እንዳይመስልሽ። ደም ነው? ቅባት ነው? ቀለም ነው? ይህን ካወቅሽ ግማሹን አጥበሽዋል። ሌላም ነገር አለ፤ ልብስ ከራሰ በኋላ እድፉ ይደበቃል፣ ሲደርቅ ገመድ ላይ ሆኖ ያፈጥብሻል። ሳይርስ ዳር ዳሩን በነጭ ክር ስፌት ጣል ጣል አድርጊበት። ልብስ የምታጥብልሽ ሴት ካለችም ክሩ የት እንዳለ አሳይተሽ፣ ምን እንደነካው ነግረሽ ስጫት፤ እሷም ሳታውቀው በሙቅ ውሃ እንዳታስይዘው።

ደም፣ ወተት፣ እንቁላልና ሕፃን ያስመለሰው አንድ ወገን ናቸው፤ ሁሉም ፕሮቲን አለባቸው። እንቁላል በፈላ ውሃ እንደሚረጋ እነዚህም ሙቅ ውሃ ሲያገኛቸው ክሩ ውስጥ ይረጋሉ። ነስር የነሰረው ልጅ ሸሚዝ፣ ወድቆ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ሱሪ ሲመጣልሽ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ። ልብሱን ገልብጪና ውሃውን ከጀርባው አውርጂበት፤ ደሙ በገባበት በኩል ይወጣል። ፊት ለፊት ካወረድሽበት ወደ ውስጥ ትገፊዋለሽ። ከደረቀ ጨው በበተንሽበት ቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፊው፤ ከዚያ ደረቅ ሳሙና ቀብተሽ አሽተሽ እጠቢው። ውሃው መቅላቱን እስኪተው ድረስ ሙቅ ውሃ አይቅረብ።

የቀይ ወጥ ነገር ሌላ ነው። ቀለሙ ያለው ዘይቱና ቅቤው ውስጥ ስለሆነ ውሃ ብቻውን አይደርስበትም። ልብሱ ላይ የቀረውን በማንኪያ አንሺ፣ አትፈትጊ። ገና በደረቁ ላርጎ ጠብ አድርጊበትና በጣትሽ ለውሰሽ ሩብ ሰዓት ያህል ተዪው። ብዙ ሰው መጀመሪያ ልብሱን ውሃ ውስጥ ይነክርና ላርጎውን ኋላ ያመጣዋል፤ ያኔ ላርጎው ቅባቱን ከመያዙ በፊት በውሃው ቀጥኖ ያልቃል። ከላርጎው በኋላ ለብ ባለ ውሃ እጠቢው። ራሱ ላይ ቅቤ የተቀባ ልጅ የሚተኛበት የትራስ ልብስም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ልጆቻችን በርበሬ ስለማይችሉ የምናጎርሳቸው አልጫ ነው፤ አልጫ ደግሞ እርድ አለው። ከልጅ ልብስ እድፍ ሁሉ እልኸኛው የእርድ ቢጫ ነው። ሳሙና ስትቀቢበት ቢጫው ዓይንሽ እያየ ይቀላል፣ ጡብ ይመስላል። ብዙ እናት «በቃ፣ ጭራሽ አበላሸሁት» ብላ የምትደነግጠውና በረኪናውን አንስታ የምትደፋው እዚህ ላይ ነው። አትደንግጪ። እርድን ቢጫ የሚያደርገው ኩርኩሚን የሚሉት ነገር ነው፤ ሳሙና ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫነቱ ይመለሳል። ልብሱ ምንም አልሆነም፤ ደህና አድርገሽ ብታለቀልቂው ቅላቱ ይተወዋል። ኩርኩሚን የማይችለው ብርሃንን ነው። ቅባቱን በላርጎ አስለቅቂ፣ እጠቢ፣ አለቅልቂ፤ ከዚያ ልብሱ እርጥብ እንዳለ እድፉን ወደ ፀሐይ አዙረሽ አስጪው። ማታ ስታነሺው ፈዝዞ ታገኚዋለሽ። ካልጠፋም ነገ ደግመሽ አርጥበሽ አስጪው፤ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት ለእርድ ነው። ከቀይ ወጥ የቀረው የበርበሬ ቅላትም ቅባቱ ከለቀቀ በኋላ በዚሁ መንገድ ይፈዛል። ክረምት ሆኖ ፀሐይ ብትጠፋ እስክትወጣ ታገሺ እንጂ ካውያ አታስነኪው። ማድረቂያ ማሽን ያላችሁም እንዲሁ፤ እድፉ መልቀቁን በዓይናችሁ ሳታዩ ልብሱን ለማሽኑ ሙቀት አትስጡት።

በረኪናን አልጠላም፤ ነጭ የጥጥ ልብስ ላይ ሥራውን ያውቃል። ነገር ግን እድፍ ባየን ቁጥር ወደ እሱ መሮጥ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። የሐበሻ ቀሚስን ጥለት ያደበዝዛል፣ የሱፍ ሹራብ ይበላል፣ የዝገት እድፍን ጭራሽ ያጸናል። ዝገት ከበር ወይም ከቆርቆሮ ልብሱን ነክቶት ከሆነ ሎሚና ጨው ቀብተሽ ፀሐይ ላይ አኑሪውና አለቅልቂው። ግን ሎሚም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር በአንድ ሳፋ እንዳይገናኙ አደራ፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

ከእድፉ በላይ የሚያስፈራኝ የበረኪናው አቀማመጥ ነው። ከሱቅ በሃይላንድ ተቀድቶ ይመጣል፣ ከውሃው ሃይላንድ አጠገብ ይቀመጣል፣ ከጨዋታ ተጠምቶ የገባ ልጅ ሁለቱን አይለይም። በራሱ ዕቃ ግዢ፣ ልጅ በማይደርስበት ቆልፊበት። ክፉ አይንካብሽ እንጂ ልጅ በረኪና ጠጥቶ ብታገኚው ለማስመለስ አትሞክሪ፤ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጉመጥምጪውና ዕቃውን ይዘሽ ወደ ጤና ተቋም ሩጪ።

እስክሪብቶ ቀላል ነው። ከሥሩ ያረጀ ጨርቅ አንጥፊ፣ ቀለሙን አልኮል ባረጠብሽው ጥጥ ከጀርባው መታ መታ አድርጊው፤ ሳኒታይዘርም ይሆናል። ቀለሙ ወደ ታችኛው ጨርቅ ይወርዳል፤ ጨርቁን እያንቀሳቀስሽ ንጹሑን ቦታ አቅርቢለት። የሣር አረንጓዴም በአልኮል ይላላል። ጭቃን ግን ተዪው፣ ይድረቅ፤ ከደረቀ በኋላ አራግፈሽ፣ በብሩሽ ጠርገሽ እጠቢው። እርጥቡን ብታሺው አፈሩን ክሩ ውስጥ ትቀብሪዋለሽ። ማስቲካ የተጣበቀበትን ልብስ በፌስታል ጠቅልለሽ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪው፣ ሲጠጥር ይፈነቀላል።

እናቶቻችን ኦሞ ሳይመጣ ነጠላና ጋቢ የሚያነጡት በእንዶድ ነበር። ፍሬውን አድርቀው፣ ወቅጠው በውሃ ሲያሹት አረፋው ይነሣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ፤ ከዚያ ተነሥተው ነው ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ በእንዶድ መግደል እንደሚቻል ያሳዩት። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። የልብስ አጣቢ ሴቶች እጅ ምን ያህል እውቀት ይዞ እንደኖረ ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይሞላል። እንዶድ ለነጭ ጥጥ ዛሬም ይሆናል። ብቻ ቀንድ አውጣ የሚገድል ዓሣም ይገድላልና እጣቢውን ወንዝ ውስጥ አትድፊ፣ ፍሬውንም ልጅ እንዳይቀምሰው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው እድፉ በጊዜው እጅሽ ከገባ ነው፤ «ሳይቃጠል በቅጠል» ይሉ የለ? በጊዜው እንዳይገባ የምታደርጊው ግን ራስሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። ሸሚዙን ባቆሸሸ ቁጥር የሚገረፍ ልጅ ሸሚዙን አጣጥፎ ከአልጋ ሥር ይደብቀዋል። አንቺ ስታገኚው ሳምንት ሆኖታል፣ ደርቋል፣ ምን እንደነካው የሚነግርሽም የለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»፤ ልጁን ያስደበቀው ደግሞ ያንቺ ቁጣ ነው። «እማዬ፣ ወጥ ደፋሁበት» ብሎ ሲመጣ አንገቱን ሳሚው፣ ሳፋውን አሲዢው፣ ላርጎውን ራሱ ጠብ ያድርግበት። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ ይህን ሥራ ይወደዋል።

የበዓል ልብስም አትንፈጊያቸው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» እያልን አድገን፣ ለልጆቻችን ሲሆን ቀሚሱን ሣጥን ውስጥ ቆልፈን ማሳደራችን አይገባኝም። ሴት ልጅሽን አልብሻት፤ ትሂድ፣ ትጨፍር። ምግብ ሲቀርብ አሮጌ ነጠላ ከአንገቷ እስከ ጉልበቷ አስሪላት፤ ይበቃል።

የትልቁን ልብስ ለሚመጣው ሕፃን የምታኖሪ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ወተት የነካው ልብስ ሲታጠብ ንጹሕ መስሎ ይገባና ከወራት በኋላ ከሣጥን ሲወጣ አንገቱ ቢጫ ሆኖ ይገኛል። ከማስቀመጥሽ በፊት አንገትና ደረቱን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈሽ፣ ሳሙናው ጨርሶ እስኪለቅ አለቅልቀሽ፣ ደህና አድርገሽ አድርቂው። በፌስታል አትቋጥሪው፣ ይታፈናል፤ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልይውና ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀን ፀሐይ አሙቂው።