ከኮፍያው ሥር

በማስተምረው የወጣቶች ክፍል ኮፍያውን የማያወልቅ ልጅ ነበር። ለጸሎት ስንነሣ ብቻ ያወልቀዋል፤ ያኔም ዓይኑን ከመጨፈኑ በፊት ዙሪያውን ያያል። ጆሮዎቹ ወደ ውጭ የቆሙ ስለሆኑ ስም ወጥቶለታል። አንድ ቀን ለብቻዬ አግኝቶኝ፣ “ጋሼ፣ ጆሮን በቀዶ ሕክምና ማስተካከል ኃጢአት ነው?” አለኝ። እኔም ሳላስብበት፣ “እግዚአብሔር እንዲህ አድርጎ ፈጥሮሃል፤ አመስግን” ብዬ ሸኘሁት።

የተናገርኩት እውነት ነበር፤ ነገር ግን በር ዘጋሁበት። ጉዳዩን ዳግመኛ ለማንም አላነሣም። በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ሐኪም መሆኑን እንኳ ሳያጣራ “በርካሽ ይሠራልሃል” ለተባለለት ሰው ቀብድ ሊከፍል ሲል እናቱ ደርሳበት ነው የተረፈው።

ስለዚህ ጥያቄውን ዛሬ ለእናንተ ልመልስ። ጌታ በተያዘባት ሌሊት የማልኮስ ጆሮ ተቆርጦ ነበር። የባሪያውን ስም የነገረን ዮሐንስ ነው፤ ኢየሱስ ዳስሶ እንደ ፈወሰው የጻፈው ግን ሉቃስ ብቻ ነው። እርግጥ የማልኮስ ቁስል ነው፤ የቆመ ጆሮ በሽታ አይደለም፣ መስማትንም አያጎድልም። ሆኖም ጌታ በዚያ በጭንቅ ሰዓት የአንድን ሰው ጆሮ አልናቀም። እኔ ግን ናቅሁ።

መጽሐፍ ቅዱስ ጆሮ ማስተካከልን በስም አይከለክልም፤ ልብን ግን ይመረምራል። እናንተም ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን የምፈልገው እኔ ነኝ ወይስ የሚስቁብኝ? ጆሮዬ ተስተካክሎ ነገ በአፍንጫዬ ቢስቁስ?

ከጸሎትና ከምክር በኋላ “ልሠራው” ካላችሁ ደግሞ በስውር አታድርጉት። እፍረት ያቻኩላል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ አይመርጥም። በፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ወይም ከአንገት በላይ ሕክምና የሠለጠነ ስፔሻሊስት ፈልጉ። የሙያ ፈቃዱን ጠይቁ። ይህንኑ ቀዶ ሕክምና ምን ያህል ጊዜ እንደ ሠራ፣ ሌሊት ችግር ቢመጣ ማንን እንደምትጠሩ ጠይቁ። ይህ አለማመን አይደለም፤ የተሰጠንን አካል በአደራ መጠበቅ ነው። ጥሩ ሐኪም ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ሁለቱ ጆሮዎች ላይመጣጠኑ፣ ጆሮው ወደ ነበረበት ሊመለስ እንደሚችል አይደብቅም። በቤተሰባችሁ ጠባሳው እያበጠ የሚያድግ ሰው ካለ አስቀድማችሁ ንገሩት። “ምንም ችግር የለውም” ብቻ ከሚላችሁ ራቁ።

ማገገሙም ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚቀደደው አብዛኛውን ጊዜ ከጆሮ ጀርባ ነው። ለቀናት ራስ በፋሻ ይጠቀለላል፤ ከዚያም ለሳምንታት ሌሊት ሌሊት ጆሮን የሚደግፍ ማሰሪያ ይታሰራል። በጀርባ መተኛት፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድም ከኳስ ጨዋታ መራቅ ግድ ነው። በአንድ ጆሮ ላይ የሚብስ ሕመም፣ እብጠት ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪሙ ተመለሱ። በእነዚያ ቀናት ምግብ የሚያመጣና አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ምስጢር አድርጋችሁ አትጀምሩት።

ያን ልጅ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ከእናቱ ጋር ስፔሻሊስት አይቷል፤ ገና አልወሰነም። ስሙን ካወጡለት መካከል ግን የእኛው ክፍል ልጆች እንደ ነበሩ ያወቅሁት በቅርቡ ነው። ሐኪም የጆሮን ቅርጽ ሊያስተካክል ይችላል፤ የእኛን አንደበት ማስተካከል ግን የእኛው ሥራ ነው። እርሱ እስኪወስን ሳንጠብቅ ጀምረናል።