ትልቁ ጎረቤት በሩን ሲከፍት

አንድ ትልቅ አገር ገበያውን ሲከፍት ጎረቤቶቹ ይጠቀማሉ ወይስ ይጎዳሉ? ይህ ክርክር በተነሣ ቁጥር ተከራካሪዎቹ አገርን እንደ አንድ ሰው ሲቆጥሩት እሰማለሁ። ለመሆኑ «እገሌ የተባለው አገር ተጠቀመ» ሲባል የተጠቀመው ማን ነው? የከሰረውስ ሐቁን ከማን ይጠይቅ?

ቻይናን እንውሰድ፤ ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለ15 ዓመታት ስትደራደር ቆይታ ዲሴምበር 11 ቀን 2001 የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ40 በመቶ በላይ የነበረው አማካይ የገቢ ዕቃ ቀረጧም ወደ 10 በመቶ ተጠጋ። የእስያ ጎረቤቶቿ የልብስ ገበያችንን ትነጥቀናለች ብለው ሠጉ። ሥጋታቸው ከንቱ አልነበረም። የጨርቃ ጨርቅ ኮታ በ2005 መባቻ ሲነሣ የቻይና ልብስ ገበያውን አጥለቀለቀው፤ ነፃ ንግድን የሚሰብኩት አውሮፓና አሜሪካ እንኳ በዚያው ዓመት መልሰው ገደብ ጣሉበት። በሌላ በኩል እነማሌዥያና ፊሊፒንስ ለቻይና ፋብሪካዎች የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎችን መሸጥ ያዙ። የተፈራችው ተፎካካሪ ደንበኛ ሆነች ማለት ነው።

ለእኔ ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየኝ ግን በታይላንድ ነው። ታይላንድና ቻይና ከኦክቶበር 1 ቀን 2003 ጀምሮ እርስ በርስ በሚሸጡት አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ቀረጥ አነሡ። የታይላንድ ሎንጋንና ዱሪያን ወደ ቻይና ጎረፈ (ዱሪያን ሽታው የከፋ በመሆኑ ብዙ ሆቴሎች የማያስገቡት ፍሬ ነው፤ ወዳጆቹ ግን ይሳሱለታል)። ከቻይና ደግሞ ርካሽ ነጭ ሽንኩርት መጣ። ሎንጋን በብዛት የሚመረተው በሰሜን ታይላንድ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱም እንዲሁ። ስለዚህ ያተረፈውና የከሰረው ገበሬ የአንድ አካባቢ ሰዎች ናቸው።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት «የፍራፍሬው ትርፍ ከሽንኩርቱ ኪሣራ ከበለጠ፣ ያተረፈው የከሰረውን ክሶም ይተርፈዋል» ይላሉ። ስሌቱ ትክክል ይሆናል። ነገር ግን መካስ መቻልና መካስ ለየቅል ናቸው። የሎንጋኑ ገንዘብ በራሱ እግር ተነሥቶ ወደ ሽንኩርት ገበሬው ቤት አይሄድም።

ታዲያ ባለዕዳው ማን ነው? የቻይናው ገበሬ አይደለም፤ እርሱ ሚዛን አላጎደለም፣ በርካሽ ሸጠ እንጂ። ባለዕዳው በሽንኩርት ገበሬው ስም ውሉን የፈረመው የራሱ መንግሥት ነው ባይ ነኝ።

«በገበያ የከሰረ ሁሉ ይካስ ከተባለ የትኛው ካዝና ይችለዋል?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። ይሁንና በድርቅ ወይም በተፎካካሪ ትጋት መክሰር አንድ ነገር ነው። እዚህ ግን የቻይና በር ለፍራፍሬው እንዲከፈት የሽንኩርቱ በር በምላሹ ተከፍቷል። አንዱ ገበሬ ለሌላው ትርፍ ዋጋ ሆኖ ተከፍሏል፤ ሲከፈልም ፈቃዱን የጠየቀው አልነበረም።