እናትሽን ደብቀሽ አትጡሪ

ልጄ፣ ስሚኝ። እናትሽን ብቻሽን ስትጦሪ ሰውነትሽ እያለቀ ነው። ወደ አካባቢሽ አስተዳደር (ካውንስሉ) ደጅ ያልሄድሽው «ቤቱን ይወስዱብናል» የሚል ወሬ ሰምተሽ እንደሆነ ገብቶኛል። ያ የለንደን ቤት በስንት ሌሊት የጽዳት ሥራ እንደተከፈለ አውቃለሁና ፍርሃትሽን አልንቀውም። ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም»።

በፈረንጆቹ 2014 የወጣው የእንግሊዝ የእንክብካቤ ሕግ፣ እርዳታ የሚያስፈልገው የሚመስል አዋቂ ሁሉ ሀብቱ ሳይጠየቅ በነፃ እንዲገመገም ካውንስሉን ያስገድዳል። የምትጦሪው አንቺም የራስሽ ግምገማ ይገባሻል። የክፍያው ነገር ከዚያ በኋላ፣ ለብቻው የሚታይ ነው።

አደራ የምልሽ ስለ ግምገማው ቀን ነው። ሶሻል ወርከሯ ስትመጣ እናትሽ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቡና አስፈልተው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። ለእኛ ጨዋነት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን «እርዳታ አያሻቸውም» ተብሎ ይሰፍራል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም»። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሺ፣ ማን እንደሚያጥባቸው፣ ድስት እሳት ላይ የረሱበትን ቀን ሳይቀር ተናገሪ። አስተርጓሚ እንዲመጣ ጠይቂ፤ በእናትና በልጅ መካከል የማይነገር ገመና አለ።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የሚቆጠረው የእሳቸው ሀብት እንጂ ያንቺ ደመወዝ አይደለም። ከ23,250 ፓውንድ በላይ ያለው ሰው በአብዛኛው ወጪውን ራሱ ይሸፍናል። ከ14,250 በታች ከሆነ ቁጠባው አይነካም፤ ከገቢው ግን እንደ አቅሙ ይጠየቃል። ኑሮ እንዲህ ሲወደድ እነዚህ ቁጥሮች ከፈረንጆቹ 2010 ወዲህ ፈቅ አላሉም። አንድ ሰው በዕድሜው ለእንክብካቤ ከ86,000 ፓውንድ በላይ እንዳይከፍል የተገባው ቃልም በ2024 ተሰርዟል። በሠርቶ አደር አረጋውያን ላይ የተፈጸመ በደል ነው እላለሁ።

ቤቱን በተመለከተ፣ እዚያው እየኖሩ ለሚያገኙት እርዳታ ከሀብት አይቆጠርም። ለዘለቄታው መጦሪያ ተቋም ቢገቡ ሊቆጠር ይችላል፤ ያኔም ቢሆን ባለቤታቸው እዚያ የሚኖሩ ከሆነ አይነካም። ካልሆነም ክፍያው ቤቱ እስኪሸጥ እንዲዘገይ መዋዋል ይቻላል። «በስምሽ አዙሪው» የሚሉሽን ግን አትስሚ፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። ካውንስሉ ከክፍያ ለመሸሽ የተደረገ ነው ብሎ ካመነ፣ ቤቱ አሁንም የእሳቸው እንደሆነ አድርጎ ያሰላዋል።

የጡረታ ዕድሜ ላለፈና ረዳት ለሚሻ ሰው አቴንዳንስ አላውንስ የሚባል ድጎማ አለ፤ ቁጠባም ገቢም አይታይበትም፤ ብዙ ወገኖቻችን ሳይጠይቁት ይቀራሉ።

እርዳታ መጠየቅ እናትን መጣል አይደለም፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል ሰምተሻል። ሰኞ ጠዋት ለካውንስሉ ደውዪ፤ በእሳቸውም በአንቺም ስም ግምገማ ጠይቂ።