እናንተ መንገድ ስታድሩ ገንዘባችሁ የት ያድራል?

ሰሞኑን አዳማ ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቹ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ የሚነዳ፣ ጢሙ ገና ያቀመቀመ ልጅ ነው። ከገዋኔ ወዲህ ሌሊት መኪናው ተገልብጦ ሞተ፤ ነፍሱን ይማረው። በሦስተኛው ቀን ባለቤቱ ሕፃኗን እንደታቀፈች ወደ ባልደረቦቹ ዞር ብላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ «ገንዘቡን የሚያስቀምጠው የት ባንክ ነበር?» አንዱ «አዋሽ መሰለኝ» አለ። ሌላው «ዳሸን ሲገባ አይቼዋለሁ» አለ። ሦስተኛው «አይ፣ ቴሌብር ላይ ነው የሚይዘው» አለ። ሴትዮዋ ሁሉንም ሰምታ አንገቷን ደፋች። ቆይቼ ልጆቹን ከድንኳኑ ውጭ ጠራኋቸውና «የእናንተስ ሚስቶች ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንደኛው ፈገግ ብሎ «ፋዘር፣ ሚስት የሂሳብ ቁጥር ካወቀች ቤት ይፈርሳል» አለኝ። የጓደኛው ድንኳን ገና አልተነሳም።

ብዕር ያስነሳኝ ያ ፈገግታ ነው። ስለ ጫቱ፣ ስለ ሌሊት ሩጫው፣ ስለ ስልክ እያወሩ መንዳቱ ሌላ ቀን እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ እናንተ ስለ ሹፌሮቹ የባንክ አመራረጥ ላንሳ። አንዱ የሚመርጠው የአገሩ ልጆች ያቋቋሙት ስለሆነ ነው። ሌላው ለቆጣቢ መኪና በዕጣ ይደርሳል ሲባል ሰምቶ ይሮጣል። ሌላውን የሕንፃው መስታወት ይማርከዋል። እሺ፣ ሎጊያ ላይ በእኩለ ሌሊት ካርድህን ማሽን ሲውጠው ማሽኑ የማን ልጅ ነህ ብሎ ይጠይቅሃል? የመንገድ ሰው ባንክ የሚመርጠው ጎማው የሚቆምበትን ቦታ አይቶ ነው። ጋላፊን አልፋችሁ ስትገቡ የምትቆሙባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ፤ ሰመራና ሎጊያ፣ ሚሌ፣ ገዋኔ፣ አዋሽ፣ መተሃራ፣ አዳማ፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ። ባንኩ ከእነዚህ በስንቱ ቅርንጫፍ አለው? ቅዳሜ ከሰዓት ማሽኑ ውስጥ ብር ይገኛል? የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ቅርንጫፍ ስላለው በዚህ በኩል የሚስተካከለው የለም፤ አንዱ ሂሳባችሁ እዚያ ቢሆን አልቃወምም።

ሁለተኛው ግን ሌላ ባንክ ይሁን። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አንድ ዓርብ ሌሊት የዚያው ትልቁ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ሰው በሂሳቡ የሌለውን ገንዘብ ሲያወጣ አደረ፤ ቅዳሜ ዕለት አገልግሎቱ ለሰዓታት ቆመ። ያን ቀን ገንዘቡን ሁሉ እዚያ ብቻ ያኖረ፣ ሚሌ ላይ የቆመ ሹፌር ምን ሊውጠው እንደሚችል አስቡት። ያለ ስኮርታ ጎማ ከሞጆ አትወጡም፤ ያለ ሁለተኛ ሂሳብስ ለምን ትወጣላችሁ?

ደግሞ የዛሬ መንገድ እንደ ትናንቱ አይደለም። ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ነዳጅ በአገሩ ሁሉ በዲጂታል ክፍያ እንዲቀዳ ታዟል። ስለዚህ ስልክህ ከጠፋ የጠፋው መደወያህ ብቻ አይደለም፤ ናፍጣህም አብሮ ጠፍቷል። ባንክ ስትመርጡ ሠራተኛዋ ስለ ወለድና ስለ ሽልማት ስታወራ ዝም ብላችሁ ስሙና ሲያበቃላት እንዲህ በሏት፤ «ስልኬ ሌሊት ሎጊያ ላይ ቢሰረቅ ሂሳቤን የሚያግድልኝ፣ በዚያ ሰዓት የሚያነሳ ስልክ አላችሁ? ሞባይል ባንኪንጉን መልሶ የሚከፍትልኝ ያገኘሁት ቅርንጫፍ ሁሉ ነው ወይስ ሂሳብ የከፈትኩበት ብቻ?» ግራ ከገባት ተነሱ፤ ሌላ ባንክ ሂዱ። የሂሳብ ቁጥራችሁንና የፋይዳ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከስልኩ የተለየ ኪስ ውስጥ ያዙ። ሁሉን ነገር ስልክ ውስጥ አስቀምጦ ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ ጥሎ ሻይ ለመጠጣት የሚወርድ ልጅ ስንቱን አየሁ!

እኔ በሹፌርነት ያደግሁት በአሰብ መስመር ነው። ከአሰብ ተነስተን ቡሬን፣ ማንዳን፣ ኤሊዳርን አልፈን ሚሌ እንደርሳለን፤ ከዚያ በባቲ ኮምቦልቻ፣ ጣርማ በር እያልን አዲስ አበባ። በዚያ ዘመን የቁጠባ ደብተር የሚሠራው በተከፈተበት ቅርንጫፍ ነበር። አዲስ አበባ ደብተር ያለው ሰው ባቲ ላይ ኪሱ ቢራቆት ደብተሩ ምንም አይፈይደውም። ታዲያ እኛ ባንካችን ማን ነበር መሰላችሁ? ሚሌ ላይ ምግብ ቤት የነበራቸው አንዲት እናት ናቸው። አበሉም፣ ከሽርፍራፊ ጭነት የምናገኛትም እሳቸው ዘንድ ትቀመጣለች። ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ልጃቸው በተማሪ ደብተር ላይ ትጽፍላቸዋለች፤ ለእያንዳንዱ ሹፌር አንድ ገጽ።

ገንዘቡን ከመቀበላቸው በፊት የሚጠይቁት ነገር ነበር፤ «ብትቀር ለማን ልስጥልህ?» አዲስ ሹፌር ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፣ አንዳንዱም ይቆጣል። «ምን ሟርት ነው በጠዋት!» ይላቸዋል። እሳቸው ብሩን በጣታቸው ገፋ አድርገው ይመልሱለታል፤ ስም ካልተናገረ አይነኩትም። በገጹ አናት ላይ የሹፌሩ ስም፣ ከሥሩ ደግሞ የዚያ ሰው ስምና አገር ይጻፋል። እኔ መጀመሪያ ያስጻፍኩት የእናቴን ስም ነበር። ሳገባ ሄጄ «የባለቤቴ ስም ይጨመርልኝ» ብላቸው እልል ብለው «ገና አሁን ሰው ሆንክ» አሉኝ፤ የዚያን ቀን የምሳ ሂሳብ አልተቀበሉኝም። ከባልደረቦቻችን አንዱ ከጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንቢ ብሎት ሲሞት፣ እኚህ እናት ቤታቸውን ዘግተው፣ ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ደሴ ወጡና ለወላጅ እናቱ በሰው ፊት ቆጥረው አስረከቡ። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ሁላችንም ወደ ጅቡቲ ዞርን፤ እሳቸውም ሚሌን ለቀው ሄዱ። ሳስታውሳቸው አሁንም ዓይኔ እንባ ያቀራል።

እናንተ ብረት በር ያለው፣ ዘበኛ የሚጠብቀው፣ ሳንቲም ሳይቀር የሚቆጥር ባንክ አላችሁ። ያቺን አንዲት ጥያቄ ግን ራሳችሁን አትጠይቁም። ከመነሳታችሁ በፊት ታማትባላችሁ። መስታወቱ ላይ የቅዱስ ገብርኤልን ሥዕል ትሰቅላላችሁ፤ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ለመድረስ ትሳላላችሁ። ሙስሊሞቹም ቢስሚላሂ ሳትሉ ሞተር አታስነሱም። ይህን የምታደርጉት መንገዱ ሰው እንደሚያስቀር ስለምታውቁ አይደለም? ለነፍስ የሚያስብ ሰው ለሚስቱና ለልጁ እንጀራ እንዴት አያስብም?

ሕጉንም እወቁ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ በግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። አንዱ የተቀበለውን ገቢ ሌላው ሲጠይቀው የማሳወቅ ግዴታም አለበት። ስለዚህ «የእኔ ገንዘብ» እያላችሁ የምትደብቁት ግማሹ የሚስታችሁ ነው። እናንተ ስትቀሩ ደግሞ ሴትዮዋ የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዛ መሄድ አለባት። ባንኩን የምታውቅ በአንዱ በር ትገባለች። የማታውቅ ሕፃን አዝላ በየባንኩ ደጅ ትዞራለች፤ ወይም ፍርድ ቤቱ ለባንኮቹ ደብዳቤ እንዲጽፍላት ቀጠሮ ስትጠብቅ የቤት ኪራይ ይደርስባታል።

አንዳንዶቻችሁ «ውክልና ሰጥቻታለሁ» ትላላችሁ። መልካም፤ በሕይወት ሳላችሁ ይጠቅማል። ውክልና ግን በመሠረቱ ወካዩ ሲሞት አብሮት የሚሞት ሰነድ ነው፤ ለቀብር ማግስት አያገለግልም። የሚሻለው የጋራ ሂሳብ መክፈት ነው። ማናችሁም ለብቻችሁ እንድታወጡ፣ ወይም ሁለታችሁ ካልፈረማችሁ እንዳይወጣ አድርጋችሁ መክፈት ትችላላችሁ። ሞት ሲሰማ ባንኩ የሟቹን ድርሻ ወራሽ እስኪታወቅ ሊይዘው ይችላል፤ ቢያንስ ግን ገንዘቡ የት እንዳለ ሚስት ታውቃለች።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝን አሁን ልናገር። ያ «ቤት ይፈርሳል» ያለኝ ልጅ ከእኛ ጋር ቆሞ ሳለ ስልኩን ለረዳቱ አቀበለውና «ሁለት ሺህ ብር ላክለት» አለው። ረዳቱ ፒኑን ሳይጠይቅ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ላከ! ሚስቱ የባንኩን ስም አታውቅም፤ ከተቀጠረ ወር ያልሞላው ረዳት የምስጢር ቁጥሩን በቃሉ ይዞታል። «ደክሞኝ ስነዳ ማን ይላክልኝ?» አለኝ። መኪናህን አቁመህ ራስህ ላክ፣ ልጄ! ረዳቱ ሌባ ነው እያልኩ አይደለም፤ ደህና ልጅ ሊሆን ይችላል። ነገ ግን እሱም ስልኩን ሌላ ሰው ያስነካዋል፤ ደግሞም ገንዘብ ሲጎድል መጀመሪያ የሚያዘው ያ ደህና ልጅ ነው።

ሌላው ነገር ብዙ ወሬ አያስፈልገውም። ገንዘብ ወንበር ሥር የምትሸጉጡ፣ በመስከረም 2013 የብር ኖት ሲቀየር ሦስት ወር ብቻ እንደተሰጠና በየባንኩ በር የነበረውን ሰልፍ አስታውሱ። ባንክ ቢወድቅ የተቀማጭ መድን ፈንድ የሚሸፍነው ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ነው፤ ከዚያ በላይ ላላችሁ ይህም ሁለት ባንክ ለመያዝ ሌላ ምክንያት ይሁናችሁ። ወለድ የማትነኩ ልጆቼ፣ ዛሬ እንደ ዘምዘምና ሂጅራ ያሉ ባንኮች ተከፍተዋል፤ ሌሎቹም ከወለድ ነፃ አገልግሎት አላቸውና ብር በቦርሳ ለማዞር ሰበብ አታድርጉት። ጅቡቲ ላይ የሚያስፈልጋችሁ ፍራንክ ነው፤ ከተፈቀደው በላይ ብር ደብቆ ኬላ ማቋረጥ ብሩንም ሥራውንም ያሳጣል። ከባንክ ነው የደወልነው ብሎ ቁጥር የሚጠይቃችሁን ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ዝጉበት። ዕቁብ መልካም ነው፤ ዳኛውንና ጸሐፊውን ግን ሚስታችሁ ትወቃቸው።

ይኸው ተመልሼ እዚያው መጣሁ። ምን ላድርግ፣ ነገሩ እንቅልፍ ነስቶኛል። «ብነግራት ትጨርሰዋለች» ትሉኝ ይሆናል። አንዳንዷ ትጨርስ ይሆናል፤ ካላመናችኋት ሁለታችሁም ሳትፈርሙ የማይወጣ ሂሳብ ክፈቱ አልኩ እኮ። «ጥላኝ ብትሄድስ?» የሚልም አለ። ወር ሙሉ አንተን በር በር እያየች የምትጠብቅ ሴት እንዴት ነው ትሄዳለች ብለህ የምትጠረጥራት? መንገድ ላይ የምታድረው አንተ ነህ! ያላገባችሁም ብትሆኑ እናት አላችሁ፣ እህት አላችሁ፣ ቢያንስ አንድ ሰው ይወቅ።

ሞጆ ስትደርሱ ለማራገፍ ወረፋ መጠበቃችሁ አይቀርም፤ አንዳንዴም ቀኑ ሙሉ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ቲክቶክ ከማየት ወደ ቤት ደውሉ። የባንኩን ስም፣ ሂሳብ የተከፈተበትን ቅርንጫፍ፣ ቁጥሩንም ንገሯትና በወረቀት ትጻፈው፤ ስልክ ላይ አይደለም። ደንግጣ «ምን ሆነህ ነው?» ካለችህ ምንም አልሆንኩም፣ ያ ሽማግሌ አስቸግሮኝ ነው በላት። «ስንት አለ?» ብላ ከጠየቀችም ንገራት።