ባሕርን የሚያነሣው ቅርበት



የምንኖርበት ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ሽቦ ሳይዘረጋለት በአየር ውስጥ መልእክት ከሚያደርሰው ስልክ ነው። ስለዚህ ዓይን የማያየው ኃይል ከሩቅ ሊሠራ እንደሚችል ለእኛ ማስረዳት ብዙ አያደክምም። ዛሬ የምናሰላስለውም እንዲህ ያለውን አንድ የፍጥረት ሥራ፣ የባሕርን መሙላትና መጉደል ነው።

ከተማችን ከባሕር የራቀች በመሆኗ ብዙዎቻችን ይህን በዓይናችን አላየንም። ምፅዋን የሚያውቁ አባቶችና እናቶች ግን ጠዋት የረገጡትን አሸዋ ከሰዓታት በኋላ ውኃ ሸፍኖት ማየታቸውን ያስታውሳሉ። በዚያ ልዩነቱ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን እስከ 16 ሜትር ይደርሳል። በአብዛኛው ስፍራ ባሕር በ24 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። ጨረቃም በየዕለቱ በአማካይ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይታ ትወጣለች።

ይህን ግንኙነት የጥንት አባቶች አስተውለውታል። የቤተ ክርስቲያን ሊቅ የሆነው እንግሊዛዊው መነኩሴ ቅዱስ ቤዳ በ725 እ.ኤ.አ. በጻፈው የዘመን አቆጣጠር መጽሐፍ፣ የፋሲካን ስሌትና ባሕር ከጨረቃ ጋር የሚሞላበትን ሥርዓት አብሮ አስተምሯል። በአገራችንም ፋሲካ በጨረቃ የሚሰላበት ጥበብ «ባሕረ ሐሳብ» ይባላል። ምክንያቱን ግን በ1687 እ.ኤ.አ. በስበት ኃይል ያስረዳው አይዛክ ኒውተን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እናገኛለን። ፀሐይ መሬትን የምትስብበት ኃይል ከጨረቃ ስበት 180 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ሆኖም ባሕርን በማንሣት ረገድ የፀሐይ ድርሻ የጨረቃን እኩሌታ እንኳ አይሞላም። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ባሕርን የሚያነሣው፣ ስበቱ በመሬት በወዲህኛውና በወዲያኛው ወገን ያለው ልዩነት ስለ ሆነ ነው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ ሁለቱንም ወገን እኩል ለማለት በሚያስደፍር መጠን ትስባለች። ጨረቃ ግን በአማካይ በ384,400 ኪሎ ሜትር ላይ ስላለች፣ ፊት ለፊቷ ያለውን ውኃ ከመሬት እምብርት አስበልጣ፣ እምብርቱንም ከወዲያኛው ውኃ አስበልጣ ትስባለች። በዚህም ውኃው በሁለቱም ወገን ከፍ ይላል፤ መሬትም በየዕለቱ ስትዞር በሁለቱም በኩል ታልፋለች። እንግዲህ ባሕርን ይበልጥ የምታነሣው ታላቂቱ ሳትሆን ቅርቢቱ ናት።

ወንድሞችና እህቶች፣ ወደ ራሳችን እንመለስ። በቁምስናችን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አሉ። የቀድሞ ሠፈራቸው ፈርሶ በጀሞ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ከገቡ ወዲህ እግራቸው ደረጃውን አልችል አለ። እኛም በየእሑዱ በሕሙማን ጸሎት ስማቸውን ጠራን፤ ከጸሎቱም በኋላ ወደየቤታችን ሄድን። ከወራት በኋላ ደረጃውን ስንወጣ እናታችን እንዲህ አሉን፦ «ስሜን እንደምትጠሩ ሰምቻለሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደጄን የረገጠ ግን አልነበረም።» የምንመልሰው ቃል አጣን። ቅዱስ ቁርባን ሳይቀበሉ ያለፉት እነዚያ ወራት የእኛ ዕዳ ናቸው።

ጸሎታችን ከንቱ ነበር አንልም። ነገር ግን ጌታችን ባስተማረው ምሳሌ፣ ካህኑና ሌዋዊው የቈሰለውን ሰው አይተው አልፈዋል፤ ሳምራዊው ግን ወደ እርሱ ቀረበ (ሉቃ. 10፣ 25-37)። ከሁሉም በላይ፣ ታላቅነቱ ወሰን የሌለው አምላክ ከሰማይ ሆኖ ሊያዝንልን ብቻ አልወደደም፤ ከድንግል ማርያም ሥጋ ለብሶ በመካከላችን አደረ። በእርሱ ታላቅነትና ቅርበት አንድ ሆኑ። እኛ ከፍ ብለን የተነሣነውም ስለ ቀረበን ነው።

ፀሐይና ጨረቃ ከመሬት ጋር በአንድ መሥመር ሲውሉ፣ ማለትም ጨረቃ ስትወለድና ሙሉ ስትሆን፣ ኃይላቸው ተደምሮ ባሕር ከሌላው ጊዜ ይልቅ ይሞላል። በእኛም ዘንድ ጸሎትና ጉብኝት አንድ መሥመር ይያዙ። እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ በየእሑዱ ስማቸው የሚጠራውን ሕሙማን በየአካባቢያችን እንከፋፈል፤ ሳምንቱ ሳያልቅም ደጃቸውን እንርገጥ። ቅዱስ ቁርባን የሚሹ ካሉ ለቆሞሱ እንንገር። ልጆቻችንንም ይዘን እንሂድ፤ መቅረብን የሚማሩት ሲቀርቡ ነውና።

ወደ እኛ የቀረበው ጌታ እግሮቻችንን ወደ ወንድሞቻችን ያቅና። አሜን።