የጁሙዓ መልእክት፦ የወላጆቻችን ሰሃን



ምስጋና ሁሉ የዓለማት ጌታ ለሆነው አላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች! ስለ ወላጅ ሐቅ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ድምፅን ዝቅ ማድረግን፣ መታዘዝንና ገንዘብ መላክን ነው። ሁሉም ልክ ነው። ዛሬ ግን ብዙም ስለማናወራው አንድ ሐቅ እናውራ፦ እናትና አባታችን ዕድሜያቸው ሲገፋ ምን ይበላሉ? ከማን ጋር ይበላሉ?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ 23ኛው አንቀጽ፣ ወላጆቻችን እኛ ዘንድ ሆነው እርጅና ሲደርስባቸው «ኡፍ» እንኳ እንዳንላቸው አዞናል። በ24ኛው ደግሞ በሕፃንነታችን እንዳሳደጉን ሁሉ እንዲያዝንላቸው ዱዓ እንድናደርግ አስተምሮናል። እስቲ ልብ በሉ፤ የእነሱ እርጅናና የእኛ ሕፃንነት ጎን ለጎን ተነሱ። ለመሆኑ ማሳደግ ምን ነበር? አብዛኛው ማብላት ነበር። እናታችን ትኩሱን እፍ ብላ አቀዘቀዘችልን፤ ጠንካራውን አድቅቃ አጎረሰችን፤ እምቢ ስንል በጨዋታ አታልላ አበላችን። እሷ ግን የተረፈውን ለቃቅማ በላች። ዛሬ ጥርሷ ሲሳሳ፣ ሐኪሙ ጨው ቀንሺ ሲላት፣ ያ ማንኪያ ወደ እኛ እጅ ተሻግሯል።

ሰው ሲያረጅ ሰውነቱ ይለወጣል። የመቅመስና የማሽተት አቅም ይደክማል። ስለዚህ አባታችን «ይሄ ወጥ ጨው የለውም» ሲል እያስቸገረን አይደለም፤ በእሱ ምላስ ላይ በእርግጥ የለውም። የውሃ ጥም ስሜትም ይቀንሳል፤ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ ይውሉና ራስ ማዞርና የሆድ ድርቀት ይከተላል። ጡንቻ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ የሚበሉት ቢያንስም ምስር፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣ፣ እርጎን የመሰለ ገንቢ ምግብ ሊኖርበት ይገባል። ብቻውን የሚበላ ሽማግሌ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ቶሎ ይዘጋል። ይህን ካወቅን ብዙ ነገራቸውን እንደ ግትርነት አናየውም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ለዒድ ወይም ለጥየቃ ወደ ወላጆቻችን ቤት ስንሄድ ምን ይዘን ነው የምንገባው? ለስላሳ፣ ኬክ፣ ብስኩት፣ ስኳር! ሐሳባችን ፍቅር ነው። ነገር ግን በአንዲት 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ያህል፣ ማለትም 7 የሻይ ማንኪያ የሚደርስ ስኳር አለ። በቀን 4 ሲኒ ሻይ በ3 ማንኪያ ስኳር የሚጠጣ አባት ደግሞ በሻይ ብቻ 12 ማንኪያ ገባለት ማለት ነው። ጨውን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ በጠቅላላው አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ይህ ደግሞ በዳቦው፣ በሚጥሚጣው፣ በማጣፈጫ ኩቡ፣ ጨው ገብቶበት በተፈጨው ሽሮና በርበሬ ውስጥ ያለውን ሁሉ ይጨምራል።

ስኳሩንና ጨውን ይዘንላቸው ከገባን በኋላ ምን እናደርጋለን? እንግዳ ፊት «አባባ፣ ስኳር አለብህ እኮ! አትብላ አልተባልክም?» እያልን እንቆጣለን። ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ያቺ «ኡፍ» ማለት ይህ አይደለምን? ምክሩ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አነጋገሩ ግን ስንት ዓመት ሠርቶ ያበላንን ሰው እንደ ሌባ ከትሪው ላይ እጁን ማስመለስ ነው። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ፈጽሞ አይነቅፉም ነበር፤ ካማራቸው ይበላሉ፣ ካላማራቸው ይተዉታል። ምግብን እንኳ ያልነቀፉ ነቢይ ተከታዮች ሆነን፣ በምግብ ሰበብ ወላጅን ማሸማቀቅ እንዴት ይሆንልናል?

ሌላም አለ። ለታመመው አባት ጨውም ዘይትም የሌለበት ወጥ ለብቻው በትንሽ ሰሃን ይቀርብለታል፤ እኛ ደግሞ ዘይቱ የሚንሳፈፍበትን ቀይ ወጥ ትሪውን ከበን እንበላለን። እሱ የናፈቀው ወጡን ብቻ ይመስላችኋል? አብሮ መብላቱንም ነው። መፍትሔው ለእሱ የተለየ ድስት መጣድ ሳይሆን የቤቱን ድስት መለወጥ ነው። ለሽማግሌ የሚበጀው ልከኛ ምግብ ለወጣቱም ይበጃል።

ልከኝነት ደግሞ አዲስ ፋሽን አይደለም፤ ዲናችን ነው። ሚቅዳም ኢብን መዕዲከሪብ (ረ.ዐ) አስተላልፈውት ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለሰው ልጅ ጀርባውን የሚያቀናለት ጥቂት ጉርሻ እንደሚበቃው፣ ካልሆነም ሆዱን ለምግብ፣ ለመጠጥና ለትንፋሽ ሦስት ቦታ እንዲከፍለው መክረዋል። ይህ ምክር ስኳር ለያዘው አባታችን ብቻ የመጣ አይደለም። ስልካችንን እያየን ምን እንደጎረስን ሳናውቅ ለምንበላው ለእኛም ነው። በ20ዎቹ የለመድነውን አመጋገብ ነው በ60ዎቹ የምናገኘው። ቢስሚላህ ብሎ መጀመር፣ ከፊት ካለው መብላት፣ ሳይጠግቡ እጅን ማንሳት፣ አልሐምዱሊላህ ብሎ መነሳት፤ እነዚህን እኛ ስንሠራባቸው ካዩ ወላጆቻችን ያለ ስብከት ይከተሉናል።

ከሱናው የጓዳ ትምህርትም አለ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለታመመና ሐዘን ለደረሰበት ሰው ከገብስ ዱቄት የሚሠራ ተልቢና የተባለ አጥሚት መሰል ሾርባ እንዲዘጋጅ ያዙ ነበር፤ የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተዋልና። ገብስ የእኛም አገር እህል ነው። አጥሚቱ፣ በሶው፣ ቂንጬው ጥርስ ለሌለው ለስላሳ፣ ለሆድም የተስማማ ነው። ስኳርና ቅቤ ሳናበዛበት ብቻ!

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ። ማርም ተምርም ጥቁር አዝሙድም በዲናችን የተወደሱ ናቸው። ሆኖም ማርና ተምር የስኳር በሽተኛን ስኳር ከፍ ያደርጋሉ፤ በልክ ካልሆነ ይጎዳሉ። «ሱና ነው» ብሎ የሐኪም መድኃኒት ማስቆም ደግሞ ሱናውን አለማወቅ ነው፤ መታከምን ያዘዙት ራሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ናቸውና። በረመዷንም እንዲሁ። አላህ ለበሽተኛ ማፍጠርን የፈቀደው በእዝነቱ ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ አባት «እጾማለሁ» ካለ፣ ወሩ ሳይገባ ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ስለ ፊድያውም ከሚያከብረው ሸይኽ አፍ ይስማ።

ታዲያ ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ድስቱን እኛ እንጣድ። ወንዶችም! ዓኢሻ (ረ.ዐ) እንደነገሩን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ሲሆኑ ቤተሰባቸውን ያግዙ ነበር። ዘይቱን ከጀሪካኑ ከማንደቅደቅ በማንኪያ እንለካው። ሽንኩርቱን በደንብ እናብስለው። ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በኮረሪማ፣ በበሶብላና በሎሚ እናምጣው፤ ያኔ ጨው ቢቀንስም አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ እናታችን ቁጭ ብላ ትብላ። በብዙ ቤት እናት የምትበላው ሁሉም ከተነሳ በኋላ፣ ጓዳ ውስጥ ቆማ፣ የተረፈውን ነው። የመጀመሪያው ሰሃን የእሷ ይሁን። እራቱም ሳይመሽ ይቅረብ።

ሦስተኛ፣ ከአምስቱ ወቅት ሰላት ጋር አንዳንድ ብርጭቆ ውሃ እናቅርብላቸው። ለሰላት ሲነሱ ውሃውም አይረሳም። ልብ ወይም ኩላሊት የሚያማቸው ግን የፈሳሹን መጠን ሐኪማቸው ይወስን።

አራተኛ፣ ወደ ሕክምና አብረናቸው እንሂድ። መድኃኒቱን ብቻ ተቀብለን አንውጣ፤ «ምን ይብሉ? ምን ይተዉ? መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለን እንጠይቅ።

ጅዳ፣ ሪያድ ወይም ዱባይ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ እህቶችና ወንድሞች! እናንተ የላካችሁት ብር ብዙ ቤት አቁሟል፤ አላህ ይቀበላችሁ። ስትደውሉ «ብሩ ደረሰ?» ከማለት ጋር «እማ፣ ዛሬ ምን በላሽ? ከማን ጋር በላሽ?» በሏት። ይህች ጥያቄ ከብሩ እኩል ታጠግባለች።

ወላጆቻችሁ ወደ አኺራ የሄዱባችሁ ደግሞ በሩ አልተዘጋባችሁም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ) ሾርባ ሲሠራ መረቁን አብዝቶ ለጎረቤት እንዲያደርስ መክረውታል። ብቻቸውን የሚበሉ አሮጊት ወይም ሽማግሌ በሰፈራችሁ አይጠፉም። አንድ ሰሃን ይዛችሁ ሂዱ፤ ምንዳውን ለወላጆቻችሁ ነይቱ፤ አብራችኋቸውም ተቀመጡ።

ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወላጆቹን ወይም አንዳቸውን በእርጅና አግኝቶ ጀነት ሳይገባ የቀረን ሰው ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስጠንቅቀዋል። ጀነትን ሩቅ እንፈልጋታለን፤ እሷ ግን ምናልባት ዛሬ ማታ በምናቀርባት አንዲት ሰሃን የገብስ ሾርባ ውስጥ ናት።

አላህ ሆይ! ለወላጆቻችን ጤናን ለግሳቸው፤ በእርጅናቸው የምንከብዳቸው ሳይሆን የምንደግፋቸው ልጆች አድርገን። የሞቱትን ማራቸው፤ በጀነት ማዕድ ዙሪያም ከእነሱ ጋር ሰብስበን። አሚን!

ሱረቱል ከህፍን መቅራትና በነቢያችን ላይ ሰለዋት ማብዛት አንርሳ።

ጁሙዓ ሙባረክ!