በጅሬን ኮረብታ ላይ ያለው ቤት



ከጅማ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በጅሬን ኮረብታ ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ቆሟል። ንጉሡ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዙ። የቤታቸው ምሰሶና ሰገነት እንጨት ነውና ክረምት በመጣ ቁጥር ጠባቂ ይሻል። በኪቶ ፉርዲሳ ምህንድስና የምትማሩ ልጆቻችን፥ ዝናብ የዘለቀው እንጨት እንዴት እንደሚበሰብስ ከእኛ ይልቅ ታውቃላችሁ። የሙስሊም ንጉሥ ቤት በእኛ መጽሔት ስለ ምን ይነሣል የሚል ቢኖር፥ የጎረቤት ርስት ነውና ብንጠብቀው ይገባናል።

የእኛስ ርስት የት አለ? ካፑቺናዊው ሚሲዮናዊ አቡነ ጉልዬልሞ ማሳያ በ1861 እ.ኤ.አ. ከካፋ ሲባረሩ፥ እንደ ሮም ያለ የድንጋይ ካቴድራል አልተዉልንም። የተዉት ምዕመናንን ነው። የካፋ ሐዋርያዊ አስተዳደር በ1913 እ.ኤ.አ. እስኪቋቋም ድረስ 52 ዓመት አለፈ። በእነዚያ ዓመታት እምነቱ የተጠለለው በጭቃና በሣር ቤት፥ በእናቶችና በአባቶች አፍ ነበር።

ስለዚህ በዚህ ክረምት፥ ጣራችሁን ስትጠግኑ፥ አንድ ነገር እንጠይቃችኋለን፤ ማታ እሳት ዳር ለልጆቻችሁ አባታችን ሆይን የሚያስተምር በቤታችሁ ማን አለ?